ፋይበር ውስጥ ያለውን ብርሃን መለካት፦ ጎንደር ላይ ስሠራ የተማርኩት

የፋይበር ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሞደሙ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ከዚያ ግምቱ ይጀምራል። አንዱ ሞደሙ ተቃጥሏል ይላል። ሌላው መስመሩ ተቆርጧል ይላል። ሌላው ደግሞ አጥፍታችሁ አብሩት ይላል። እኔ ጎንደር ውስጥ ለቤቶች፣ ለፔንሲዮኖችና ለቢሮዎች የውስጥ ኔትወርክ እዘረጋለሁ፣ እጠግናለሁም። ከያዝኳቸው መሣሪያዎች ሁሉ ከግምት የገላገለችኝ በመዳፍ የምትያዘው ፓወር ሜትር ናት። ፋይበሩ፣ ብርሃን የሚጓዝበት የመስታወት ክር፣ ጫፍ ላይ ስንት ብርሃን እንደደረሰ በቁጥር ትነግረኛለች።

መሣሪያዋን መግዛት ቀላል ነው። ቁጥሩን ማንበብም ቀላል ነው። ከባዱ ቁጥሩ መቼ እንደሚታመን ማወቅ ነው። አሁን አሁን በከተማችን ይህን ሥራ የሚጀምሩ ወጣቶች እየበዙ ነው። የሆቴልና የቢሮ አይቲ ሠራተኞችም ፓወር ሜትር እየገዙ ነው። ብዙ ጊዜ ደውለው «ማይነስ 24 አሳየኝ፣ ጥሩ ነው?» ይሉኛል። መልሴ ሁሌም ጥያቄ ነው። የት ላይ ለካህ? በየትኛው የሞገድ ርዝመት? ጫፉን ከማጽዳትህ በፊት ነው በኋላ? ከዚያ በፊት ባለው ሳጥን ላይስ ስንት ነበር? እነዚህ ካልተመለሱ ማይነስ 24 ምንም አይነግረኝም።

ስለ ቁጥሩ

ፓወር ሜትር የሚያሳየው በዲቢኤም ነው። 0 ዲቢኤም ማለት 1 ሚሊዋት ብርሃን ነው። ከዚያ በታች ማይነስ ይሆናል። በ10 በቀነሰ ቁጥር ብርሃኑ አሥር እጥፍ ያንሳል። በ3 ሲቀንስ በግማሽ ያንሳል። ስለዚህ ማይነስ 10 የሚሊዋት አንድ አሥረኛ ነው፤ ማይነስ 20 አንድ መቶኛ፤ ማይነስ 30 አንድ ሺህኛ። ደንበኞች ማይነስ የሚል ሲያዩ ይደነግጣሉ። መደንገጥ አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ያለው ሞደም የተሠራው በዚህች ትንሽ ብርሃን እንዲሠራ ነው።

ዲቢኤምና ዲቢን አትቀላቅሉ። ዲቢኤም እዚያ ቦታ ላይ ያለው የብርሃን መጠን ነው። ዲቢ በሁለት ቦታዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሳጥኑ ላይ ማይነስ 19 ዲቢኤም፣ ቤት ውስጥ ማይነስ 22 ዲቢኤም ከሆነ፣ በመሃል የባከነው 3 ዲቢ ነው። ግማሹ ብርሃን መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ይህን በስልክ ለባልደረባ ሲነግሩ ማሳሳት በጣም ቀላል ነው። «3 ዲቢ ነው» እና «ማይነስ 3 ዲቢኤም ነው» ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ለቤት አገልግሎት በብዛት የሚሠራበት ጂፖን የሚባለው፣ አንዱን ፋይበር ለብዙ ቤቶች የሚያከፋፍለው ዘዴ ነው። ከማዕከሉ፣ ማለትም ከአገልግሎት ሰጪው ጣቢያ፣ የሚመጣው ብርሃን በ1490 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ይጓዛል። ከቤት ወደ ማዕከል የሚሄደው በ1310 ነው። ክላስ ቢ ፕላስ በሚባለው የተለመደ ደረጃ፣ ማዕከሉ ላይ የሚወጣው ብርሃን ከ1.5 እስከ 5 ዲቢኤም ነው። ቤት ያለው ሞደም ከማይነስ 8 እስከ ማይነስ 27 ባለው ውስጥ ይቀበላል። እኔ ግን ማይነስ 27ን እንደ ድንበር አልቆጥረውም። ማይነስ 25ን ካለፈ ሥራው አላለቀም እላለሁ። ዛሬ በበጋ በማይነስ 26.5 የሚሠራ መስመር፣ ክረምት ገብቶ አንድ መገጣጠሚያ ውስጥ ውሃ ሲገባ ይወድቃል። ያኔ ደግሞ በዝናብ መሰላል ላይ መውጣት ነው።

ልኬት ከመጀመራችሁ በፊት ስንት መድረስ እንዳለበት አስሉ። ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። ለምሳሌ ማዕከሉ ከተማ መሃል ሆኖ ደንበኛው አዘዞ ነው እንበል። ፋይበሩ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በኪሎ ሜትር 0.35 ዲቢ ብንይዝ 4.2 ዲቢ ነው። ብርሃኑን ለ32 የሚከፍል ስፕሊተር ወደ 17 ዲቢ ይወስዳል። አራት ኮኔክተር (የሚሰካና የሚነቀል መገጣጠሚያ) በ0.3፣ 1.2 ዲቢ። አሥር ስፕላይስ (ፋይበር ከፋይበር ጋር የተበየደበት ቦታ) በ0.1፣ 1 ዲቢ። ድምሩ 23.4 ነው። ከ3 ዲቢኤም ተነስተን ማይነስ 20.4 ላይ እንደርሳለን። አሁን ቤቱ ላይ ማይነስ 21 ብታገኙ ደስ ይበላችሁ። ማይነስ 25 ብታገኙ ሞደሙ ቢሠራም አንድ ቦታ ችግር አለ። ሒሳቡን ሳትሠሩ ሁለቱንም «ይሠራል» ብላችሁ ታልፏቸው ነበር።

ከሒሳቡ እንደምታዩት ትልቁን የሚወስደው ስፕሊተሩ ነው። ርቀቱ ራሱ ያን ያህል አይጎዳም። ይህ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ቻርልስ ካኦ በ1966 ከባልደረባው ጋር ባቀረበው ጥናት ያለመው፣ መስታወቱ በኪሎ ሜትር ከ20 ዲቢ በታች ቢያባክን ለስልክ መስመር ይሆናል የሚል ነበር። 20 ዲቢ ማለት ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ከመቶው አንዱ ብቻ ይቀራል ማለት ነው። ያንን ግብ የኮርኒንግ ኩባንያ ሰዎች በ1970 አሳኩት። ዛሬ በ1550 ናኖሜትር የሚባክነው በኪሎ ሜትር 0.2 ዲቢ ገደማ ነው። ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ከመቶው 95 ያህሉ ይደርሳል። ካኦ ለዚህ ሥራው በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እንዲያም ሆኖ ርቀት ሲደመር ሲደመር ይከብዳል። ከጎንደር ባሕር ዳር መንገዱን ተከትላችሁ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ፣ በፋይበሩ ብቻ 36 ዲቢ ገደማ ይባክናል። በከተሞች መካከል ብርሃኑን መንገድ ላይ የሚያጠናክር መሣሪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሴንሰሩ ምን ያያል?

የፓወር ሜትር ልቧ ሴንሰሯ ናት። ብርሃን ሲያርፍባት ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ትሰጣለች። መሣሪያዋ ያንን ፍሰት ወደ ዲቢኤም ትቀይራለች። ሴንሰሩ ከሦስት ቁሶች በአንዱ ይሠራል፤ ከሲሊከን፣ ከጀርመኒየም ወይም ኢንጋስ ከሚባለው ውህድ። ሲሊከን እስከ 1100 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያየው። 1310ንና 1550ን አያይም። ጀርመኒየም ያያል፤ ግን ሙቀት ሲጨምር ይረበሻል፤ ደካማ ብርሃን ላይም ያን ያህል አይታመንም። ኢንጋስ ከ900 አካባቢ እስከ 1700 ድረስ ጥሩ ነው፤ በ850ም ቢሆን ደከም ብሎ ያያል። ለኛ ሥራ የሚሻለው እሱ ነው።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የምሰማውን ነገር ላንሳ። የስልክ ካሜራን ፋይበር ጫፍ ላይ ደቅኖ ብርሃን መኖር አለመኖሩን ማየት ይቻላል የሚሉ አሉ። የቴሌቪዥን ሪሞት ላይ ስለሚሠራ ፋይበር ላይም የሚሠራ ይመስላቸዋል። የስልክ ካሜራ ሴንሰር ሲሊከን ነው። የሪሞቱን ያያል፤ የ1310ንና የ1490ን ግን አያይም። ካሜራው ጨለማ ስላሳያችሁ «መስመሩ ሞቷል» ብላችሁ ጫፉን ወደ ዓይናችሁ እንዳታስጠጉ። በዓይን የማይታይ ብርሃን ዓይንን ይጎዳል። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። ፋይበር ጫፍ ውስጥ አጮልቆ የማየት ልማድ በአካባቢያችን ስላለና ስለሚያሳስበኝ ነው። ልኬቱን ለመሣሪያዋ ተዉላት።

ሴንሰሩ ለእያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት የሚሰጠው ፍሰት ይለያያል። ስለዚህ ነው መሣሪያዋ ላይ የሞገድ ርዝመቱን እንድትመርጡ የሚጠይቀው። ፋይበሩ ውስጥ ምን ዓይነት ብርሃን እንዳለ ሜትሯ ራሷ አታውቅም። እናንተ ናችሁ የምትነግሯት። ጂፖን ስትለኩ 1490 ላይ አድርጉ። መሣሪያችሁ ኢንጋስ ከሆነ 1550 ላይ ብትተዉት ልዩነቱ ትንሽ ነው። 850 የሚጠቀም የቆየ የቢሮ መስመር በ1310 ብትለኩ ግን ብዙ ዲቢ ትሳሳታላችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት በሁለት ሕንፃዎች መካከል ባለው መስመር ላይ ለረጅም ጊዜ ሲጨነቅ ደርሼበታለሁ። አዲስ ገመድ ሊቀበር ጉድጓድ ሊቆፈር ነበር። ገመዱ መልቲሞድ የሚባለው፣ መሃሉ ሰፋ ያለው የአጭር ርቀት ፋይበር ነው፤ የሚሄድበትም 850 ነው። ሜትሯን 850 ላይ ሳደርጋት መስመሩ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ችግሩ ሌላ ቦታ፣ መቀየሪያ ሳጥኑ ኃይል አቅራቢ ላይ ነበር።

ሌላም አለ። ተራ ፓወር ሜትር የገባባትን ብርሃን ሁሉ ትደምራለች። በአንድ ፋይበር ላይ 1490ም 1577ም አብረው ቢመጡ፣ የምታሳያችሁ የሁለቱን ድምር ነው። ለይቶ ለማየት በውስጧ ማጣሪያ ያላት ለፖን፣ ማለትም ለጂፖንና ለመሰሎቹ፣ የተሠራች ሜትር ያስፈልጋል። ፈጣኑ አዲሱ አገልግሎት፣ ኤክስጂኤስ ፖን የሚባለው፣ በ1577 ስለሚወርድ ይህ ጉዳይ እየቀረበ የሚመጣ ነው።

መጀመሪያ ማጽዳት

ብርሃኑ የሚሄድበት የሲንግል ሞድ ፋይበር (የቤት መስመሩ ዓይነት) መሃል 9 ማይክሮን ገደማ ነው። የሰው ፀጉር ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። እንግዲህ የበጋ የጎንደር አቧራ እዚያ ላይ ሲያርፍ አስቡት። ግንባታ ባለበት ሠፈር፣ መስኮት ተከፍቶ በሚሠራበት ቤት፣ ኮኔክተር ክዳኑ ወልቆ ደቂቃ ከቆየ በቂ ነው። ማራኪ በኩል አንድ ቤት ማይነስ 26.4 አንብቤ፣ ምንም ሳልነካ ጫፉን ብቻ አጽድቼ ማይነስ 22.1 አግኝቻለሁ። ከ4 ዲቢ በላይ የወሰደው አቧራ ነበር።

በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉ። በሶፍትም አትጥረጉ፤ ብናኝ ይተዋል። ከፋርማሲ የሚገዛው የቁስል አልኮል 70 ፐርሰንት ነው፤ የቀረው ውሃ ነው። ሲደርቅ ጫፉ ላይ እድፍ ይተዋል። 99 ፐርሰንት የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና ብናኝ የማይተው መጥረጊያ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚቀለው ጠቅ ሲያደርጉት የሚያጸዳው ብዕር መሳዩ ደረቅ ማጽጃ ነው። ሁለቱንም ወገን አጽዱ። አንዱን አጽድታችሁ ከቆሸሸው ጋር ብታጋጥሙት ቆሻሻው ይተላለፋል። በግፊትም መስታወቱን ይጭራል። የሜትሯንም አፍ አትርሱ። ክዳኗን ሁሌ ክደኑ፤ አልፎ አልፎ በማጽጃ ጥጥ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት።

ከማጽዳት ጋር አያይዤ የምናገረው የቀለም ነገር አለ። ሰማያዊው ኮኔክተር ጫፉ ቀጥ ያለ ነው። አረንጓዴው በ8 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። ሁለቱ ይገጥማሉ፤ ነገር ግን መስታወቶቹ በትክክል አይነካኩም። በመሃል ክፍተት ይፈጠራል፤ ብርሃኑ ይባክናል፤ ጫፎቹም ሊጎዱ ይችላሉ። ደንበኛው ፓች ኮርድ፣ አጭሩ ማገናኛ ገመድ፣ ሲበላሽበት ከሱቅ ሰማያዊ ገዝቶ አረንጓዴው ላይ ይሰካል። እኔ የማይነስ ቁጥር ድንገት ሲጨምር መጀመሪያ የማየው ቀለሙን ነው።

ከውስጥ ወደ ውጭ መለካት

ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ፔንሲዮን የገጠመኝን ልንገራችሁ፤ አብዛኛውን አሠራሬን ያሳያል። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ኢንተርኔቱ ቀን ቀን ይሠራል፣ ማታ ማታ ይቆራረጣል። «ልጄ፣ ሞደሙ ነው ያረጀው፤ ቀይርልኝና ልረፍ» አሉኝ። «እትዬ፣ መጀመሪያ ልለካው» አልኳቸው።

ሞደሙ ላይ የሚገባውን ፋይበር ነቅዬ ለካሁት። ማይነስ 28.6 ነበር። ከሞደሙ አቅም በታች ነው። ስለዚህ ሞደም መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ቀጥሎ ውጭ ያለው ሳጥን ላይ ተለካ። ሳጥኑ የአገልግሎት ሰጪው ንብረት ስለሆነ የእነሱ ቴክኒሻን መጥቶ ከፈተው፤ እናንተም ያለ እነሱ አትክፈቱ። እዚያ ማይነስ 20.9 ሆነ። ይህ ጥሩ ነው። በሁለቱ መካከል 7.7 ዲቢ ጠፍቷል። በመሃል ያለው ገመድ 40 ሜትር እንኳ አይሞላም። 40 ሜትር ፋይበር ከ0.02 ዲቢ በላይ ሊወስድ አይችልም። ችግሩ ግቢው ውስጥ እንደሆነ በዚህ ተረጋገጠ።

ኮኔክተሮቹን አጸዳሁ። ማይነስ 27.9 ሆነ። ትንሽ ተሻሻለ፣ ግን ዋናው አልተነካም። ከዚያ ገመዱን በሁለቱም ጫፍ ከአገልግሎቱ ለይተን ላይት ሶርስ፣ ለልኬት ብርሃን የሚልክ መሣሪያ፣ አገባሁበት። ላይት ሶርስ የሚበራ መስመር ላይ በፍጹም አታስገቡ፤ በዚያው ስፕሊተር ላይ ያሉትን ጎረቤቶች ሁሉ ልታቋርጡ ትችላላችሁ። በ1310 የባከነው 3 ዲቢ አይሞላም። በ1550 ከ9 ዲቢ በላይ ነበር። ይህን ልዩነት ልብ በሉልኝ። ቆሻሻና መጥፎ ስፕላይስ ሁለቱንም የሞገድ ርዝመቶች ተቀራራቢ በሆነ መጠን ይጎዳሉ። 1550 ብቻ ተለይቶ ሲጎዳ ገመዱ አንድ ቦታ ክፉኛ ታጥፏል ማለት ነው። ብዙ ሰው አንድ የሞገድ ርዝመት ለክቶ ይተዋል። ሁለቱን መለካት ምርመራውን በግማሽ ያሳጥራል።

ገመዱን እየተከተልን ክፍል በክፍል ሄድን። አንድ ክፍል ውስጥ ቁምሳጥን ወደ ግድግዳው ተገፍቶ ገመዱን ማዕዘኑ ላይ ቆልምሞታል። ማታ እንግዳ ሲገባ፣ ቁምሳጥኑ ሲከፈትና ልብስ ሲሞላ ይበልጥ ይጫነዋል። ለዚህ ነው ቀን የሚሠራው። ቁምሳጥኑን ሳብ አድርገን ገመዱን ሰፊ ክብ ሰጠነው። ሞደሙ ጋ ማይነስ 21.3 ሆነ። አሮጌው ሞደም እስከ አሁን እዚያው ይሠራል። ተራው የሲንግል ሞድ ገመድ የክቡ ግማሽ ስፋት (ሬዲየስ) ከ30 ሚሊሜትር ባነሰ መጠን እንዲታጠፍ አይመከርም። ለቤት ውስጥ የሚሆነው፣ መታጠፍን የሚችለው ዓይነት እስከ 10 ወይም 7.5 ሚሊሜትር ይታገሳል። ስትገዙ ጠይቁ፤ በድንጋይ ግድግዳና በጠባብ ማዕዘን ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የታጠፈውን ቦታ ለማግኘት ሌላም ዘዴ አለ። በጥምቀት ሰሞን ከተማዋ በእንግዳ ስትሞላ ጊዜያዊ ገመድ የሚዘረጋበት ቦታ ይበዛል። ለድንኳን፣ ለካሜራ፣ ለሆቴል ተጨማሪ ክፍል። ገመዱ ይረገጣል፣ በበር ይጨፈለቃል። ያኔ እኔ ሜትሯን ጫፉ ላይ ሰክቼ ቁልፏን በመጫን ያለውን ቁጥር ዜሮ አደርገዋለሁ። ከዚያ በኋላ ልዩነቱን ብቻ በዲቢ ታሳያለች። ባልደረባዬ ገመዱን እየተከተለ ቀስ እያለ ያቃናል። የሆነ ቦታ ሲደርስ ቁጥሩ ወደ ላይ ይዘላል። «ቁም! እዚያው ነው» እለዋለሁ። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ረጅም መስመር ላይና መሬት ውስጥ በተቀበረ ገመድ ላይ ግን ይህ አይሆንም። እዚያ የብልሽቱን ርቀት የሚናገረው ኦቲዲአር ነው።

የገመድን ብክነት በላይት ሶርስ ስትለኩ መነሻችሁን አስተካክሉ። ሶርሱ በርቶ ትንሽ ይሙቅ፤ እኔ ሩብ ሰዓት ያህል እተወዋለሁ። ከዚያ በአጭር ንጹሕ ፓች ኮርድ በቀጥታ ከሜትሯ ጋር አገናኙትና ያንን ዜሮ አድርጉ። ፓች ኮርዱን ከሶርሱ በኩል አትንቀሉት። የሚለካውን ገመድ በመሃል አስገቡ። ውጤቱ ብርሃኑ እንደጨመረ ካሳያችሁ መነሻው ትክክል አልነበረም፤ ገመድ ብርሃን አይፈጥርም። እንደገና ጀምሩ።

ብርሃን ሲበዛም ችግር ነው

ይህን የማያምኑኝ ብዙ ናቸው። አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ቢሮዎችን ለማገናኘት ለ80 ኪሎ ሜትር የተሠራ ሞጁል፣ ብርሃን የሚልክና የሚቀበል ዕቃ፣ ተገዝቶ ነበር። ጠንካራው ይሻላል ተብሎ ነው። መስመሩ ግን ስህተት ይሞላበታል፣ ይቆማል፣ ይነሳል። ለካሁት፤ 2 ዲቢኤም ነበር፤ ማይነስ እንኳ የለውም። የዚህ ዓይነት ሞጁል ተቀባይ ከማይነስ 3 በላይ አይችልም። በመካከል 10 ዲቢ የሚቀንስ አቴንዌተር ስናስገባ ተረጋጋ። ችግሩ ባይገኝ ኖሮ ተቀባዩ ቀስ በቀስ ይበላሽ ነበር። ለአጭር ርቀት የ10 ኪሎ ሜትሩ ሞጁል ይበቃል፤ በዋጋም ይረክሳል።

ከሞደሙ የሚወጣውን ብርሃን ስለመለካት ላንሳ። በተራ ፓወር ሜትር አይለካም። ሞደሙ ብርሃን የሚልከው ማዕከሉ ተራህ ነው ሲለው ብቻ ነው፤ ያውም በቁርጥራጭ። ከማዕከሉ ነቅላችሁ ሜትሯ ላይ ብትሰኩት ዝም ይላል። ስለዚህ ምንም ስላልተነበበ ብቻ ሞደም ሞቷል ብላችሁ አትጣሉ። ጤነኛ ሞደም እንዲህ ሲጣል አይቻለሁ፤ ለባለቤቱ ወጪ ነው። ይህን ለመለካት በመሃል ገብታ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ የምታሳልፍ የፖን ሜትር ያስፈልጋል።

መብራት ሲጠፋም አንድ ነገር አስታውሱ። በማዕከሉና በቤታችሁ መካከል ያለው ስፕሊተር ኤሌክትሪክ አይጠቀምም። ሠፈራችሁ መብራት ቢጠፋም ማዕከሉ ኃይል ካለው ብርሃኑ ፋይበሩ ውስጥ እንዳለ ነው። ሜትሯ በባትሪ ስለምትሠራ በጨለማም ትለካላችሁ። የተለመደው ቁጥር ካለ ለሞደሙና ለራውተሩ አነስተኛ የባትሪ መጠባበቂያ ማድረግ ችግሩን ይፈታል። ይህን ለፔንሲዮን ባለቤቶች ሁሌም እመክራለሁ።

ስለ መግዛትና ስለ መመዝገብ

ርካሾቹ የእጅ ሜትሮች ብዙ ጊዜ በሁለት ዓይነት ይመጣሉ። አንዱ ከማይነስ 70 እስከ 10 ዲቢኤም ይለካል። ሌላው ከማይነስ 50 እስከ 26። ሁለተኛው ብርሃኑ ብዙ ለሆነ የኬብል ቴሌቪዥን ሥራ ነው። ለቤትና ለቢሮ የመጀመሪያውን ያዙ። ሴንሰሩ ኢንጋስ መሆኑን፣ 1490 መኖሩን፣ ለትልቁና ለትንሹ ኮኔክተር፣ ማለትም ለ2.5 እና ለ1.25 ሚሊሜትር፣ አስማሚ አብሮት መምጣቱን እዩ። ስትገዙ ከባልደረባ ሜትር ጋር በአንድ ምንጭ ላይ አወዳድሩት። የመስክ መሣሪያ 0.2 ዲቢ ያህል ቢለያይ አይገርምም። 2 ዲቢ ከተለያየ አትመኑት። ካሊብሬሽን፣ ማለትም የሜትሯን ትክክለኛነት አስፈትሾ ማስተካከል፣ በዓመት አንዴ ይመከራል። ያ የማይመቻችሁ ከሆነ ቢያንስ ከታመነ ሜትር ጋር አዘውትራችሁ አነጻጽሩ፤ ልዩነቱንም ጀርባው ላይ ጻፉ።

ስትጨርሱ የቆረጣችሁትን የመስታወት ስብርባሪ በፕላስተር ለቅማችሁ በክዳን ዕቃ ውስጥ ጨምሩ። በተለይ ሰው ቤት። ወለል ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዞ ቡና በሚፈላበት፣ ሕፃን በሚድህበት ቤት፣ ዓይን የማታየው ስብርባሪ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ለማውጣትም ያስቸግራል። እኔ የምቆርጠው ሁልጊዜ ከታች ጥቁር ጨርቅ አንጥፌ ነው።

እያንዳንዱን ልኬት ጻፉ። እኔ ግድግዳው ላይ ባለው ሳጥን ክዳን ውስጥ ትንሽ ወረቀት እለጥፋለሁ። ቀኑን፣ የሞገድ ርዝመቱን፣ ቁጥሩን፣ ከማጽዳት በኋላ መሆኑን። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ቴክኒሻን፣ እኔም ልሁን ሌላ፣ የሚያወዳድርበት ነገር ያገኛል። ማይነስ 21 የነበረ ማይነስ 23 ከሆነ መስመሩ ገና ሳይቋረጥ መፈለግ ይጀመራል።

ብክነቱ ከግቢያችሁ ውጭ ከሆነም ለአገልግሎት ሰጪው ስትደውሉ «ኢንተርኔት አይሠራም» ብቻ አትበሉ። «ኮኔክተሩ ተጸድቶ በ1490 ሲለካ ሞደሙ ጋ ማይነስ 29 ነው፣ በኅዳር የተመዘገበው ማይነስ 21 ነበር፣ የቤት ውስጥ ገመዱ ተፈትሾ ደህና ነው» በሉ። እንዲህ ስናገር ሞደሙን አጥፍተህ አብራ የሚለው ጥያቄ ይቀራል፤ የሚላከው ቡድንም መሰላልና ስፕላይስ ማሽን ይዞ ይመጣል።